ለስደተኞቹ የተጋገረ ድፎ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተናግሬ ልገላገል። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱ ነገር ሳይዛነፍብኝ አይቀርም። ቀኑ እሑድ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ወሩ ጥር ይሁን የካቲት ግን መማል አልችልም። መኪናዋም ለእኔ ነጭ መሰለችኝ እንጂ፣ የለም ብርማ ነበረች የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። በእኔ ዕድሜ ሰው የሚያስታውሰው ያየውን ሳይሆን ሲያወራው የኖረውን ነው፤ ይችን ነገር ደግሞ ደጋግሜ አውርቻታለሁ። ትንሽ ከጣፈጠች አትፍረዱብኝ፤ ጨው የጨመርሁባት አውቄ አይደለም።

እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ወፍ አናይም። ወፍ ጠፍቶ አይደለም። ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ብትወርዱ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች እግር ስር፣ ጉሮሯቸው ከረጢት የሆነ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች እንደ ደንበኛ ተሰልፈው ታገኛላችሁ። እኛ ግን በመካከላቸው አልፈን ዓሣው የዛሬ ነው የትናንት ብለን እንጠይቅና ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካሜራውን ደግኖ ጭቃ ላይ ሲንበረከክ ስናይ ምን ጠፋበት እንላለን። ሰው አጠገቡ ያለው ነገር አይታየውም መሰለኝ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያረጀ፣ ዋና የማይችል ሰው ብትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁ። ስለዚህ ያን የመሰለ ሐይቅ ከነወፉ ትተን፣ ወፍ ለማየት ሰው ወደ ሠራው ግድብ በመኪና ሄድን ስላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። ብቻ ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ትሰማለች።

ነገሩን ያመጣው ተከራዬ ተመስገን ነው። አገሩ ሐዋሳ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ስለ እንስሳት ያስተምራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አመሉ አንድ ብቻ ነው፣ ወፍ። ሌላው ጎረምሳ እሑድ እሑድ ኳስ ሲያይ እሱ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ዛፍ ስር ቆሞ ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን የሰው ግቢ የሚያጠና ሌባ አስገባሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ኋላ ለወፍ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጀመረኝ፤ አንገቱ።

የቆርቆሮ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ደግሞ ወይዘሮ የሺወርቅ ናት። ፋሲሎ ሠፈር ስንገባ አንድ ሰሞን ነው የገባን። ታላቅ ወንድሟ ልሆን እችላለሁና አንቺ እላታለሁ፤ እሷ አንቱ ትለኛለች። ዕድሜዋን ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣች። የማሽን ጩኸት ጆሮ ያደክማል ሲባል እሰማለሁና፣ የሺም ጆሮዋ ከበድ ያለ ነው ብዬ ተዝናንቼ እኖር ነበር። ይችን ያዙልኝ።

የሺ አንድ ልጅ አላት፣ አንሙት ይባላል። ለትምህርት ስዊድን ሄደ። ሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ሁለቱን ዓመት ጠበቀችና ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን ቀለም አስቀባች፣ ሙክት ገዝታ አሰረች፣ የማኅበር ጓደኞቿን ጠራች። ሙክቱ ሰብቶ መሄድ ሲያቅተው አንሙት ደወለና እዚያው ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለጊዜው አልመጣም አላት። ስልኩን ዘጋችው። ሙክቱ ለፋሲካ ታረደ፤ እሷ አልቀመሰችውም። ከዚያ ወዲያ ልጇ ሲደውል አታነሳም። ለጠየቃት ሁሉ «ለትምህርት ሄዷል» ትላለች። ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ የሚጠይቅ ደፋር በሠፈራችን የለም። እንዲህ አድርገው ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ልጁስ? ልጁ ለእኔ ይደውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ከቤቴ ጀርባ፣ አጥሩ አጠገብ ካለችው ዘይቱን ስር እቆማለሁ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ጉልበቷን እንዳመማት፣ ሐኪም ቤት ሂጂ ብትባል እንዳልሄደች፣ ሰሞኑን ወጧ ጨው እየበዛበት እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ ባንድ እነግረዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «ጋሼ፣ ስሜን ታነሳለች?» ይለኛል። እኔ መዋሸት አልወድም፤ እውነቱን መናገርም እፈራለሁ። ስለዚህ መስመሩ እንደጠፋበት ሰው ሃሎ፣ ሃሎ እላለሁ።

እኔ በሩን ቆልፎ መንገድ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚገፋ ሰው ነኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ምሥጢር ማሸከም ጥሩ አይደለም። የሺ ያወቀች ለታ ምን እንደምላት ሳስብ ነው የምከርመው።

እንግዲህ አንድ አመሻሽ ላይ ተመስገን የግቢውን በር ገፍቶ ፊቱ በርቶ ገባ።

«ጋሼ ውበቱ፣ ስደተኞቹ ገብተዋል። የቆጋን ግድብ ሞልተውታል። እሑድ የጓደኛዬን መኪና ይዤ ልሄድ ነው፤ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ልጁ ስደተኛ ወፎች፣ ስደተኛ ወፎች ሲል ስለከረመ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰው ሲለማመድ ማዕረጉን ትቶ በስም ብቻ እንደሚጠራራ ሁሉ፣ እሱም ወፎቹን በመላመድ ብዛት «ወፎች» የምትለዋን ጥሏታል። ከአጥሩ ማዶ ግን የየሺ ራስ ብቅ አለ።

«ከወዴት ነው የመጡ?» አለች።

ተመስገን የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ደስታውን አይችለውም። ከሰሜን አውሮፓ ነው አላት። ምን አስመጣቸው ብትለው ብርዱ ነው፣ የሚበላም ያጣሉ አላት። ቤተሰብም ይዘው ነው ወይ አለችው። እንዴታ፣ ልጆቻቸውን መሐል አድርገው ነው የሚመጡት አላት። የሺ ከንፈሯን መጠጠች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነበር። ደህና መሆኑን ሠፈር ውስጥ መኪና ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሺ ስትመጣ ሁለት ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ይዛ፣ በዚያ ላይ አንድ እስር ልብስ ታቅፋ ነው። ለሽርሽር በዛ አልሁ በልቤ፤ ግን ስንቅ ሲበዛ የምቃወም ሰው አይደለሁም። ያስደነገጠኝ ልብሱ ነው። ከላይ ያለው የአንሙት ቡናማ ጃኬት ነበር። ያ ጃኬት ልጁ ከሄደ ጀምሮ ከበር ጀርባ ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ ቤቱ ቀለም ሲቀባ እንኳ ቀቢው እንዳይነካው እሷው ነበረች አንስታ ያቀፈችው። ዛሬ ከሚስማሩ ወርዷል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መልሱን የምፈራውን ነገር አልጠይቅም።

ተመስገን ግን ጠየቀ። ለብርዱ ነው ወይ እትዬ አላት። «አዎ፣ ብርድ አባሯቸው የለ» አለችው። እሱ ቀልድ አዋቂ ናቸው ብሎ እየሳቀ መኪናዋን አስነሳ።

ከከተማ ስንወጣ የሺ በመስኮት እያየች ትተክዝ ጀመር። ትንሽ ቆይታ፣ አይ የሰው ነገር፣ የኛዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ የነሱዎቹ ወደዚህ ይመጣሉ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን አለች። ተመስገን ይህን የመሰለ ጥያቄ ተማሪዎቹ እንኳ ጠይቀውት አያውቁም ብሎ ማብራራት ጀመረ። ዓባይን ተከትለው ነው የሚመጡት፣ መንገድ ላይ የሚያርፉባቸው ቦታዎችም አሏቸው አላት።

«በእግራቸው?» አለች የሺ።

«እንዴ፣ እንዴት አድርገው በእግራቸው?» አለ ተመስገን እየሳቀ።

የሺ ወደኔ ጠጋ አለችና፣ «በአውሮፕላን ከመጡማ ምኑን ስደተኛ ሆኑት» አለችኝ በሹክሹክታ።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ድፎው፣ ልብሱ፣ ከንፈር መጠጣው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሴትዮዋ ሰው ልትረዳ ነው የምትሄድ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጃኬቱ ነው። ልጇ ይለብሰዋል ብላ ከበር ጀርባ ያኖረችውን ጃኬት ለማያውቁት ስደተኛ ልታለብስ ነው። ሰጠችው ማለት ደግሞ ጠብቃ ጨረሰች ማለት ነው። ቅዳሜ አንሙት ሲደውል ይህንንስ በምን ሃሎ ሃሎ አልፈዋለሁ?

አሁኑኑ ንገራት አልሁ ራሴን። መኪና ውስጥ ሰው ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም፣ መራዊ ከተማ ስንደርስ እነግራታለሁ አልሁ። መራዊ ደረስን። ገበያው፣ አውቶቡሱ፣ ግርግሩ፤ እዚህ ምን ይወራል፣ ግድቡ ጋ ረጋ ስንል አልሁ። ግድቡ ጋ ደረስን። እኔ እንዲህ ነኝ።

ድንጋይ የተነጠፈበትን የግድቡን ግንብ ወጣን። ውሃው ወዲያ ማዶ ድረስ ተኝቷል። ነፋሱ ከበድ ያለ ስለነበር ኮፍያዬን በእጄ ያዝሁ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ፣ ቁመታቸው ረጃጅም፣ ግራጫ ልብስ የለበሱ የሚመስሉ ወፎች በቡድን በቡድን ሆነው ቆመዋል። እኔ ሽመላ እላቸዋለሁ፤ ተመስገን አይደሉም፣ ሌላ ስም አላቸው ይላል። የሺ እስሩን እንደታቀፈች ወዲህ ወዲያ አየች።

«የታሉ?» አለች።

ተመስገን እጁን ዘረጋ። «ያውልዎት!»

«እሱንማ አየሁ፣ ወፍ ነው። ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ፤ አስተርጓሚ አድርገው ያመጡኝ ይመስል። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የሺ፣ ስደተኞቹ እነሱ ናቸው» አልኋት።

ወፎቹን አየች። ዳቦውን አየች። እንደገና ወፎቹን አየች። ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ተመስገን ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አልሁ።

«ዳቦ ይበላሉ?» አለች።

ከዚያ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ሙክቱ ከታሰረበት ሰሞን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። እኛም ፈራ ተባ እያልን ሳቅን።

ሳቃችንን ሰምቶ ነው መሰለኝ ከታች ከስንዴው ማሳ አንድ ገበሬ ወንጭፉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወጣ። ከመንግሥት ናችሁ ወይ አለን። አይደለንም አልን። ስደተኞቹን ልናይ ነው የመጣን አለው ተመስገን፤ አሁንም «ወፎች» የምትለዋን ጣላት። ገበሬው ግን ግር አላለውም፤ ወንጭፉን አራገፈና ወደ ውሃው አየ።

«ማነው ስደተኛ ያላቸው?» አለ። «ጊዜ ጠብቀው ይመጣሉ፣ ስንዴዬን ይበላሉ፣ ጊዜ ጠብቀው ይሄዳሉ። የነሱ አገር ሁለት ነው። ስደተኛ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። የድሮው ማሳዬ ያውና፣ ወፎቹ ከቆሙበት በታች ውሃው ውስጥ ነው። ግድቡ ሲሠራ ነው ተነስቼ እዚህ የሰፈርሁ።»

ይህን የተናገረው እንደ ቀልድ ነው። የሺ ጨርቁን ፈታችና «እንግዲያው ዳቦው የናንተ ነው» አለችው። ሰውዬው በፉጨት ጠራ፤ ቦይ የሚጠርጉ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ድፎው ተቆረሰ። ወፎቹን ሲያባርሩ የዋሉ ሰዎች ለወፎቹ የተጋገረውን ዳቦ በሉት። ጣፋጭ ነው አሉ፣ ጨው ግን በዝቶበታል። የሺ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ተመስገን ይህ ሁሉ ሲሆን ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ተክሎ ያይ ነበር። ድንገት «ቀለበት አላት» አለ።

«አግብታለች በለኛ» አለች የሺ ዳቦ ቆሎ እያደለች።

የእግር ቀለበት ነው፣ ይምጡ ይዩ አላት። ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። አንዲቱ ወፍ ረጅም እግሯ ላይ ቀለማቸው የተለያየ ቀለበቶች አሏት። ተመስገን አስረዳት፤ አገራቸው እያሉ፣ ገና ጫጩት ሳሉ፣ መብረር ሳይጀምሩ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ይይዙና ያስሩላቸዋል፤ ከዚያ በቀለሙ የቱ ወፍ የት እንደደረሰ ይታወቃል አላት። የሺ ዓይኗን ከመነጽሩ አላነሳችም።

«ታዲያ አሁን እዚህ መሆኗን ያውቃሉ?»

«ያየ ሰው ከነገራቸው ያውቃሉ።»

«ማንም ካልነገራቸውስ?»

ተመስገን ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ያደርጋሉ፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሲቆይ ሞታለችም ይሉ ይሆናል።»

የሺ ከመነጽሩ ቀና አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ንገራቸዋ፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። ቆይታም አገሯ የት ነው አለችው። ተመስገን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፊንላንድም፣ ኢስቶኒያም፣ ስዊድንም ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙን ጽፎ መጠየቅ ነው አላት። ስዊድን ሲል እኔ ኮፍያዬን አውልቄ እንደገና አደረግሁት።

ልንሄድ ስንነሳ ገበሬው፣ ነገሩን ተመስገን አጫውቶት ኖሮ፣ ያን የልብስ እስር አየና፣ ሌሊት ውሃ ወደ ማሳው ስናዞር ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ይህ ጃኬት ለወፎቹ ከሆነ ከኔ በላይ ማን አለ አለ እየሳቀ። የሺ እስሩን ፈታች። ሹራቡን ሰጠችው፣ ሱሪውን ሰጠችው፣ ጋቢውን ለሁለቱ ሰዎች ሰጠቻቸው። ጃኬቱን አራግፋ ክንዷ ላይ አደረገችው።

«ይህ ባለቤት አለው» አለች።

እየተመለስን ሳለ መራዊን እንዳለፍን፣ «አያ ውበቱ፣ ለአንሙት ይደውሉልኝ» አለችኝ። እኔ ቁጥሩ የለኝም ልል አፌን ከፈትሁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱኗ ስር ሆነው ሲጮሁ የማልሰማ መሰለዎት? ጉልበቴን ለስዊድን አገር ሁሉ አስታመሙት። ወጧ ጨው በዛበት ያሉትንም ሰምቻለሁ። ሃሎ ሃሎ የምትለዋን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ወድጃታለሁ።»

ተመስገን መሪውን እንደያዘ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ስልኬን አውጥቼ ደውዬ ሰጠኋት፤ ምን ሌላ አማራጭ አለኝ? ከዚያ በኋላ የሷን ንግግር ብቻ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ አይደለሁም» አለች። «ስማ፣ አንዲት ወፍ አለች። ግራጫ ናት። እግሯ ላይ ቀለበት አላት፣ ቀለሙን ተመስገን የሚባል ልጅ ይነግርሃል። ያሰሩላት ሰዎች ሳይጨነቁ አይቀሩም፤ ፈልገህ ደህና ናት፣ ቆጋ ናት በላቸው… ምን ሆንህ? ጉንፋን ይዞሃል?… ፊንላንድ ብትሆንስ ምናለበት፣ ጎረቤት አይደለም እንዴ፣ ብቅ ብለህ ጠይቅ… እንግዲያ ምን ያስለቅስሃል፣ ወፏ ደህና ናት አልሁህ እኮ።» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና፣ «ጃኬትህ እዚህ ነው» አለችው።

የወፏ አገር ኋላ ሲጣራ ፊንላንድ ሆኖ ተገኘ። የሺ ለስዊድን በጣም ቅርብ ነው፣ አጥር ለአጥር ነው እያለች ለማኅበርተኞቿ ትናገራለች።

እኔ የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቀን። እንደ ልማዴ ዘይቱኗ ስር ቆሜ ነበር። አንሙት ደወለ። ወደ ሥራ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር እርሻ ላይ እንደነዚያ ያሉ ወፎች ወርደው እንዳየ፣ መኪናውን አቁሞ እግራቸውን ሊያይ ቢሞክር እንደራቁበት፣ ለእናቱ ቢነግራት ከስተው ነው የመጡ ወይ ብላ እንደጠየቀችው ነገረኝ። ለከርሞ ጥር፣ ወፎቹ በሚመጡበት ሰሞን መምጣቱን ቆርጧል። እኔም በደስታ ጮኼ መረቅሁት። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ካሁን በኋላ ቅዳሜ በቀጥታ ለእሷ ስለምደውል እርስዎን አላስቸግርም» አለኝ።

አላስቸገረኝም። አሁን ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቆጋም ወፎቹ ሄደው ባዶውን ነው። ቅዳሜ ሲሆን ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ጃንጥላ ይዤ ዘይቱኗ ስር እቆማለሁ፤ ልማድ ነው። ከአጥሩ ማዶ የየሺ ስልክ ይጮሃል፣ ታነሳለች፣ እናትና ልጅ ይጨዋወታሉ። ምን እንደሚባባሉ ግን እንጃ። እሷ እንደኔ አትጮህም።